አራት መስመር ለአይጥ ጢም አይበቃም

ክቡር አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፈው ከመሐል ሜዳ ነው። ጋዜጣችሁ እኛ ዘንድ የሚደርሰው በአውቶብስ ነው፤ አንዳንዴ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ሁለት እትም ተደርቦ ይመጣል። ቢሆንም ሲደርሰኝ ከዳር እስከ ዳር አነበዋለሁ። ባለፈው ሰሞን የኋላ ገጽ ላይ፣ ከስፖርቱ በታች፣ አራት መስመር አውጥታችሁ ነበር። አይጥ በጢሟ የነካችውን ነገር አንጎሏ እንዴት አድርጎ ወደ እንቅስቃሴ እንደሚቀይረው የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች አሉ ይላል። እሱስ ጥሩ። ርዕሱ ግን «ሥራ የፈታ የአይጥ ጢም ይቆጥራል» የሚል ነበር።

አልተቀየምኩም ብል ውሸት ይሆንብኛል። ተቀይሜአለሁ። የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ የከነከነኝ ግን ሙያዬ ስለተነካ አይደለም። ቤቴ ውስጥ ግራ እጇን ያጣችና እሱን መልሳ እየፈለገች ያለች እናት አለችኝ። ስለ አይጥ ጢም ያነበብኩት ቁም ነገር የሆነብኝም በእሷ ምክንያት ነው። እባካችሁ ትንሽ ቦታ ስጡኝና ላስረዳ።

ለዓመታት ሰሌዳ ላይ የምስለው አንድ ሥዕል ነበረኝ። እጅ ሲኒ ይነካል። ከእጁ ቀስት ተነሥቶ ወደ አንጎል ይሄዳል። አንጎል «ያዝ» ይላል። ሌላ ቀስት ወደ ጡንቻ ይወርዳል፣ ጣቶች ይጨብጣሉ። አለቀ። ሥዕሉ ፍጹም ስህተት አይደለም። ነገር ግን ነገሩን ሁሉ ደብዳቤ ይዞ እንደሚሄድ፣ ትእዛዝ ይዞ እንደሚመለስ መልእክተኛ ያስመስለዋል። መጀመሪያ ስሜት፣ ከዚያ ሐሳብ፣ በመጨረሻ እንቅስቃሴ። ተማሪዎቼም እንደዚያው ጽፈው ፈተና ያልፋሉ።

አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ እኛ ቤት አይጧ የምትሮጠው መብራት ስናጠፋ ነው። እንዴት ነው ከጎታው ጋር የማትጋጨው?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ያን ሌሊት ጓዳ ገብቼ ተቀመጥኩ። የእጅ ባትሪዬን በቀይ ፌስታል ጠቀለልኩት፤ ቀይ ብርሃን አይጥን ብዙ አይረብሻትም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጣች። ግድግዳውን ተጠግታ፣ ጎኗን እያስታከከች ማለት ይቻላል። ከጎታው ሥር ስትደርስ ቆመች። አፍንጫዋ ይንቀጠቀጣል፣ ጢሟ ደግሞ አንድ በአንድ አይታይም፤ ከፍጥነቱ የተነሣ ከፊቷ ግራና ቀኝ ጭጋግ ያለ ነው የሚመስለው። አንድ የጭድ እንጨት ቀስ አድርጌ ከቀኟ አስጠጋሁ። የጢሟን ጫፍ ብቻ ነካ። ራሷን ወዲያው ወደ እንጨቱ አዞረች፣ የቀኝ ጢሟን ሰበሰበች፣ የግራውን ይባስ ወደ ፊት ዘረጋች። ከዚያ አሽትታ ትታው ሄደች። ይህ ሁሉ ዓይኔን ሁለቴ ሳልጨፍን ነው ያለቀው።

ያ ጭጋግ የመሰለው ነገር ስም አለው፣ ቁጥርም አለው። አይጥ ጢሟን በሰከንድ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ታርገበግባለች። ትልቋ የጎተራ አይጥ ትንሽ ቀስ ትላለች፤ በሰከንድ ከ5 እስከ 12 ጊዜ ገደማ። ማርገብገቡ ከማሽተቷ ጋር ይገጥማል፤ አየር በሳበች ቁጥር ጢሙ ይዘረጋል። ዝም ብሎ የሚጠብቅ ጢም አይደለም ማለት ነው። እየሄደ ነው የሚነካው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። አማርኛችን ይህን ከእኔ ሰሌዳ ይልቅ አስቀድሞ ያውቀው ነበር። አምስቱን የስሜት ሕዋሳት ስንቆጥር ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስ ብለን መጨረሻው ላይ «መንካት» አንልም። «መዳሰስ» ነው የምንለው። መዳሰስ ደግሞ እጅ ካልሄደ የለም። በጨለማ ክብሪት የሚፈልግ ሰው እጁን መደብ ላይ አስቀምጦ ክብሪቱ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ይዳስሳል። የአይጥም ነገር እንደዚያው ነው።

ጢሙ ራሱ ነርቭ የለውም። እንደማንኛውም ፀጉር የሞተ ነገር ነው። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ በእግር የሄደ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ የራስህን እግር እንኳ ማየት ሲያቅትህ ዱላህን ታስቀድማለህ። ዱላው አይሰማውም፣ ግን ድንጋይ ይሁን ጭቃ፣ ገደሉ ጫፍ ይሁን ሣር፣ መዳፍህ ያውቀዋል። የአይጥም መዳፍ የጢሙ ሥር ነው። እያንዳንዱ ሥር በደም በተሞላ ትንሽ ከረጢት ውስጥ ተተክሏል፤ ከ100 እስከ 200 የሚሆኑ የነርቭ ክሮችም ዙሪያውን ይዘውታል። ለአንድ ጢም ነው ይህ ሁሉ። ትልልቆቹ ጢሞች በእያንዳንዱ ጉንጭ 30 ገደማ ናቸው፤ በአምስት ረድፍ ተሰልፈዋል። ስለዚህ መቁጠሩ፣ ክቡር አዘጋጅ፣ የሥራ ፈት ሥራ አይደለም። ለምን እንዳልሆነ አሁን ልንገራችሁ።

በ1970 እ.ኤ.አ. ቶማስ ዉልሲና ሄንድሪክ ቫን ደር ሎስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የአይጥን አንጎል ቅርፊት ከላይ ወደ ታች ሳይሆን በአግድም፣ እንደ እንጀራ ገልጠው በማይክሮስኮፕ አዩት። ሴሎቹ ክብ ክብ ሠርተው፣ መሐላቸው ሳሳ ብሎ፣ ዳር ዳሩ ወፍሮ አገኙት። በርሜል አሏቸው። በርሜሎቹ በረድፍ ነው የተሰለፉት። ሲቆጥሩት ለአንድ ጢም አንድ በርሜል ሆኖ ተገኘ፤ ረድፉም የጉንጩ ረድፍ ነው። ጢም መቁጠር ባይኖር ይህ ግጥምጥም ማን ያየው ነበር? ከሦስት ዓመት በኋላ እነዚሁ ሰዎች እንዳሳዩት ደግሞ፣ ገና የተወለደች አይጥ የጢም ሥሮቿ ከተጎዱ፣ አንጎሏ ውስጥ የእነዚያ ጢሞች በርሜል ሳይሠራ ይቀራል። አንጎል የራሱን ካርታ የሚሠራው ከቆዳው ጋር እየተነጋገረ ነው። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሥቼ ነው የቆምኩት።

አሁን መንገዱን እንከተል። ጢሙ ጭዱን ነካ። ትራይጀሚናል የሚባለው የፊት ስሜት ነርቭ መልእክቱን ይዞ ወደ አንጎል ግንድ ይገባል። እዚያ ሲደርስ አንድ መንገድ አይይዝም፣ ይከፋፈላል። አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ሳይወጣ እዚያው ግንዱ ውስጥ ይታጠፍና የፊት ጡንቻዎችን ወደሚያዝዙት ሴሎች ይሄዳል። ይህ አቋራጩ ነው። በጥቂት ሚሊሰከንድ ውስጥ የነካው ጢም ራሱ ይንቀሳቀሳል፤ ላይኛው አንጎል ገና ዜናውን አልሰማም። ሌላው ቅርንጫፍ መስመሩን አቋርጦ ወደ ተቃራኒው ጎን ይሻገራል፣ ታላመስ በሚባለው ማዕከል አልፎ ወደ በርሜሎቹ ይወጣል። የቀኝ ጢም ግራ አንጎል ላይ ነው የሚሰማው። እዚህ ለመድረስ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ይህ መንገድ መቶ ጊዜ ይኬዳል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ሥዕል የፈረሰው። እኔ የማውቀው ወደ ስሜት ክፍል የደረሰ ነገር መጀመሪያ እዚያ ይመረመራል፣ ከዚያ ወደ እንቅስቃሴ ክፍል ይላካል፣ ትእዛዝም ከዚያ ብቻ ይወጣል የሚለውን ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ሎዛን ያሉ ተመራማሪዎች የአይጥ አንጎል ላይ የነርቭን ሥራ በብርሃን የሚያሳይ ቀለም አደረጉ። አንድ ጢም ብቻ ነካ ሲያደርጉ አንዲት ቦታ ትበራለች፣ የዚያ ጢም በርሜል። ከጥቂት ሚሊሰከንድ በኋላ ፊት ለፊት ያለው የእንቅስቃሴ ክፍልም ይበራል። እስከዚህ ድረስ የእኔ ሥዕል አልተነካም። በ2010 ግን እነዚሁ የሎዛን ሰዎች የስሜቱን ክፍል ራሱን ሲያነቃቁት ጢሙ ተንቀሳቀሰ። ወደ ኋላ ተሳበ። የእንቅስቃሴውን ክፍል ሲያነቃቁት ደግሞ ጢሙ ወደ ፊት ተዘርግቶ ይርገበገብ ጀመር። የሚሰማው ክፍል የራሱ ትእዛዝ አለው፣ ለዚያውም ከሌላው የተለየ። ከበርሜሎቹ ተነሥቶ ቀጥታ ወደ አንጎል ግንድ የሚወርድ መስመር አለ፤ የእንቅስቃሴ ክፍሉን ፈቃድ አይጠይቅም።

ምክንያቱ ሲታሰብ ያሳምናል። አይጧ በጨለማ እየሮጠች ጢሟ ግድግዳ ቢመታ፣ መጀመሪያ ማድረግ ያለባት ጢሙን መሰብሰብ ነው፤ አለዚያ ይታጠፋል፣ የሚሰማትም ይዛባል። ቀጥሎ ደግሞ መልሳ ቀስ ብላ መንካት። መሳብና መዘርጋት። ጡንቻዎቹን ብታዩአቸው ነገሩ ይበልጥ ያምራል። እያንዳንዱ የጢም ሥር ከፊት በኩል እንደ መቀነት በዞረ ትንሽ ጡንቻ ታንቋል። ጡንቻው ሲኮማተር የሥሩን ታች ወደ ኋላ ይስበዋል፣ ጫፉም ወደ ፊት ይወረወራል፤ ልክ በመሐሉ ድንጋይ ላይ እንደተጋደመ አጣና። የማርገብገቡ ምት ራሱ ከየት እንደሚነሣ ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ሳንዲያጎ ላይ ያሉ ተመራማሪዎች አገኙት። አንጎል ግንድ ውስጥ ነው፤ ትንፋሽን ከሚመታው ክፍል ጎን። ለዚህ ነው ጢምና አፍንጫ አብረው የሚሄዱት።

አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። ጢሙ እየሄደ ከሆነ አይጧ የነካችው ነገር የት እንዳለ በምን ታውቃለች? «ነካኝ» ብቻ አይበቃም። ጢሙ ወደ ፊት ተዘርግቶ ሳለ ነካ ወይስ ወደ ኋላ ሲመለስ? አንደኛው ከሆነ እቃው ፊቷ ነው፣ ሁለተኛው ከሆነ ጆሮዋ አጠገብ። ስለዚህ አንጎሏ ሁለቱን ወሬ ማጋጠም አለበት፣ የመነካቱን ወሬና የራሷን ጢም እንቅስቃሴ ወሬ። እንቅስቃሴውን የማያውቅ አንጎል ንክኪውን አይተረጉመውም። እኛስ? ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ቁልፍ በእጃችሁ ላይ ይቀመጥላችሁ። ጣታችሁ ካልተንቀሳቀሰ ብረት መሆኑን ብቻ ነው የምታውቁት። ጣታችሁን ስታዞሩት ነው ቁልፍ የሚሆነው።

የተማረ እንቅስቃሴ ደግሞ ሌላ ነው። አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ የተሠራና በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት አለ። አይጧን አንዲት ቀጭን ዘንግ በጢሟ ታገኝ ዘንድ አስተማሯት። ዘንጓ እዚህ ከሆነች በቀኝ ያለውን ውኃ ትልሳለች፣ እዚያ ከሆነች በግራ ያለውን። ነገር ግን ወዲያው አይደለም። ዘንጓ ከተወሰደች በኋላ ከአንድ ሰከንድ ትንሽ በላይ ትጠብቃለች፣ ምልክት ሲሰጥ ነው የምትልሰው። ከዚያ በብርሃን አማካይነት የአንጎሏን አንድ አንድ ክፍል ለጥቂት ጊዜ ዝም ያሰኙት ነበር። ዘንጓን በምትዳስስበት ሰዓት በርሜሎቹ ዝም ሲሉ ትስታለች። በመጠበቂያው ሰዓት ግን በርሜሎቹን ዝም ማሰኘት ብዙም አይጎዳት፤ ያኔ የሚያስታት ከፊት በኩል ያለው የእንቅስቃሴ ክፍል ሲዘጋባት ነው። ንክኪው ዘንጓ ከሄደች በኋላ ሐሳብ ሆኖ ፊት ላይ ተቀምጧል ማለት ነው፤ «በግራ ልልስ» የሚል፣ ገና ያልተደረገ እንቅስቃሴ። በግማሽ ግራም በማትሞላ አንጎል፣ 70 ሚሊዮን ገደማ በሆኑ የነርቭ ሴሎች። የእኛ 86 ቢሊዮን ገደማ ነው።

«እሺ፣ ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይረባናል?» ለሚል አንባቢ አሁን ወደ እናቴ ልምጣ።

እናቴ የበግ ጠጉር ትፈትላለች። መንዝ ውስጥ ያደገ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ዝተቱም ባናውም ከዚያ ነው የሚመጣው። ከመሐል ሜዳ ብርድ ጋር፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ፣ ያለ ባና የሚታደር አይደለም። ማታ ምድጃ ዳር ተቀምጣ፣ ኩራዙ ጠፍቶም ቢሆን፣ ትፈትል ነበር። ቀኝ እጇ እንዝርቱን ጭኗ ላይ ያሾረዋል። ግራ እጇ የተነደፈውን ጠጉር ይዞ ወደ ላይ እየሳበ ይለቃል። ክሩ ሲወፍር ጣቶቿ ላላ ይላሉ፣ ሲሳሳ ጨበጥ ያደርጋሉ። እሷ ከእኛ ጋር ታወራለች። ዓይኗ ክሩ ላይ አይደለም። ልጅ ሆኜ ክሩን ለማበላሸት ጣቴን አስገብቼባት አውቃለሁ፤ ሳታይ ነበር የምትመታኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መታት። ግራ ጎኗ ነው የተያዘው። ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ቀኟ አልሆነ» አለ። ለመጉረስ፣ ለመጨበጥ፣ ለማማተብ እውነት ነው። ለፈታይ ግን ክሩን የሚለካው ግራው ነው። አንድ የሕክምና ቦታ ወሰድናት፤ የላስቲክ ኳስ ሰጧትና «ጨምቂ፣ ልቀቂ» አሏት። ጨመቀች። በየቀኑ ጨመቀች። ከስድስት ወር በኋላ እጇ ኳሱን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፤ «ዳነሽ» ተባለች። ቤት መጥታ ጠጉሩን ያዘች። ክሩ ተበጠሰ። እንደገና ያዘች። ወፈረና ተቋጠረ። ሲኒ ስትይዝ ወይ ታፈነዋለች ወይ ይወድቅባታል። «እጄ ሰነፈ» አለችኝ። እጇ አልሰነፈም ነበር።

ስለ አይጥ ጢም የማነበው ያኔ ነበር፣ ያ ልጅ ከጠየቀኝ በኋላ። አንድ ማታ «እማዬ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ» አልኳት። ግራ መዳፏ ላይ ባቄላ አስቀመጥኩ። ጣቶቿን አጠፈች። «ምን አለ?» አልኳት። «ምንም የለም፣ ምን አስቀመጥክ?» አለችኝ። አንድ ብር ሳንቲም አደረግሁ። ምንም። ቁልፍ። «ቀዝቃዛ ነገር» አለች። ጡንቻው ተመልሷል፣ መዳሰሱ ግን አልተመለሰም። በስድስት ወር ውስጥ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ባለሙያዎቹን ልወቅስ አይደለም የምጽፈው፤ ለስንት ሰው ስንት እንደሆኑ አይቻለሁ። ሥዕሉ ነው ጥፋቱ፣ እኔም ሰሌዳ ላይ የምስለው ሥዕል። ስሜት በአንድ በኩል፣ እንቅስቃሴ በሌላ በኩል ከሆነ፣ እጅ የማይሠራበት ምክንያት ጡንቻ ብቻ ይመስላል።

ይህን ማንም በራሱ ላይ ሊፈትነው ይችላል። ደብረ ብርሃን በኅዳር ጠዋት ውርጭ ሲጥል ያለ ጓንት ውጡና ተመልሳችሁ የኮታችሁን ቁልፍ ቆልፉ። ጣት የሚያጥፉት ትልልቆቹ ጡንቻዎች ክንድ ውስጥ ናቸው፤ ኮት ውስጥ ተሸፍነው ሞቀዋል። ብርዱ የእጅን ትንንሽ ጡንቻዎች ያዘገያል፣ እሱም አለ። ግን የሚያስቸግራችሁ ቁልፉ በየት በኩል እንዳለ አለማወቃችሁ ነው። እያያችሁት እንኳ ያመልጣችኋል። የሰው አንጎልም አሠራር ከዚህ አይርቅም። የስሜቱ ክፍልና የእንቅስቃሴው ክፍል አንድ ስንጥቅ ብቻ ነው የሚለያቸው፤ ከአንጎል ወደ ህብለ ሰረሰር ከሚወርዱት ክሮች ከፊሉም የሚነሡት ከስሜቱ ክፍል ነው።

አይጥ ሰው አይደለችም፤ ይህን የምለው ከሁሉ በፊት ለራሴ ነው። ጥናቱም ቢሆን ሁልጊዜ አንድ ነገር አይልም። በ1986 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ላይ በርሜሎቻቸው የተጎዱ አይጦች በጢማቸው ብቻ ተመርተው ክፍተት መሻገር አቅቷቸው ነበር። በ2018 ኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሠራው ደግሞ ሌላ አሳየ። በጢማቸው ዘንግ መኖሩን እንዲለዩ የተማሩ አይጦች በርሜሎቻቸው ለጊዜው ዝም ሲሰኙ ሥራው ጠፋባቸው፤ የበርሜሉ ክፍል ጨርሶ ከተነሣ በኋላ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥራውን መልሰው ቻሉት። ሌሎቹ መንገዶች ተረከቡት ማለት ነው፤ ግንዱ፣ ታላመሱ፣ ቀሪው አንጎል። ዘንግ መኖሩን ማወቅ ከክፍተት ወዲያ ያለውን ከመለካት ይቀላል፤ ልዩነቱ እዚያ ላይ ሊሆን ይችላል ብዬ አስባለሁ። እኔ ግን ይህን ያነበብኩ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተስፋ የሚባለውን ነገር በሚሊሰከንድና በበርሜል ቋንቋ ተጽፎ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

ኳሱን ተውነው አላልኩም፤ ግን ከጎኑ ሌላ ጨመርን። ማታ ማታ ሰፌድ ላይ ባቄላና አተር እንቀላቅላለን። ዓይኗን ትጨፍናለች፣ በግራ እጇ እየዳሰሰች ትለያለች። ስትስት ቀኝ እጇ ያርማታል። መጀመሪያ ሁሉም አንድ ነበር። ከአራት ወር በኋላ ባቄላውን ከአተሩ መለየት ጀመረች፤ ሁልጊዜ አይደለም። ጣቶቿ ሳይንቀሳቀሱ ስትቀር ትስታለች፣ ሲያሽከረክሩት ታገኘዋለች፣ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ስለ አይጧ ነገርኳት፤ በጢሟ እየዳበሰች እንደምትሄድ፣ የሚሰማው አንጎሏ ራሱ ጢሙን እንደሚስበው። ዝም ብላ ሰማችኝና «እና እሷም እንደኔ ጨለማ ውስጥ ነው የምትፈልገው?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ስለ አገራችን አንድ ነገር ሳልጨምር ብዘጋው ይቆጨኛል። በቆላማው የምሥራቅ አገራችን፣ በሶማሊያና በኬንያም፣ ከመሬት በታች የሚኖር ፀጉር አልባ ፍልፈል አለ። የኛ የደጋው ፍልፈል ገብስ ማሳ ላይ አፈር እየቆለለ ገበሬውን የሚያስለቅሰው ሌላ ነው፣ እሱ ጠጉራም ነው። ያኛው ግን ራቁቱን ነው፤ ገላው ላይ በእያንዳንዱ ጎን 40 ገደማ ረዣዥም ፀጉሮች ብቻ ተራርቀው ተሰልፈዋል። አንዷን ፀጉር ብትነኩበት፣ ጀርባው ላይም ብትሆን፣ አፍንጫውን ትክክል ወደተነካበት ቦታ ያዞራል። ገላው ሁሉ ጢም ሆኗል ማለት ይቻላል። ከአንጎሉ የመዳሰሻ ክፍል ሲሶ የሚያህለው ደግሞ ለፊት ጥርሶቹ ነው የተሰጠው፤ የሚቆፍረው፣ የሚሸከመው፣ የሚዳስሰው በእነሱ ነውና። ንክኪ እንዴት እንቅስቃሴ እንደሚሆን ለማጥናት የሚመጥን እንስሳ እዚሁ አገራችን አፈር ውስጥ አለ። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮን ለማየት ከውጭ የሚመጣ ሰው ስንት ነው! ቀበሮዋ የምትበላው ደግሞ አይጥና ፍልፈል ነው። እሷ እያደባች፣ እነሱ ከሥር እየዳሰሱ። ከተማሪዎቼ አንዱ አንድ ቀን ያንን ቢያጠና ደስ ይለኛል።

ጥያቄዬ ትንሽ ነው። ያንን ዜና እንደገና አውጡት፣ አራት መስመር ሳይሆን ግማሽ ገጽ፤ የበርሜሎቹን ሥዕል ከጢሙ ረድፍ ጎን ለጎን አድርጋችሁ። ስትሮክ ያገኘው ሰው ያለበት ቤትም ብዙ ነውና፣ አንድ ሐኪም ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ስለ መዳሰስ ልምምድ እንዲጽፍበት ጠይቁልን። እኔ የማውቀው ከራሴ ጓዳ ነው፤ የእነሱ ቃል ሌላ ነው። ያን ሥዕል ካወጣችሁት የ9ኛ ክፍል ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ፣ የድሮው የሲኒ ሥዕል ከነበረበት ቦታ። የእናንተ አውቶብስ እኛ ጋ ቅዳሜ ከሰዓት ነው የሚገባው፤ ልጁን ልኬ አስጠብቀዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የባዮሎጂ መምህር፣ መሐል ሜዳ፣ ሰሜን ሸዋ